የክሪፕቶከረንሲ ፕሮጀክት የማስታወቂያ ግብ አመራረጥ፦ ከቴሌግራም ጨዋታዎች እስከ ጎብዬ ገንዘብ ተቀባይ

በአገራችን ስለ ክሪፕቶከረንሲ ማስታወቂያ የሚደረገው ውይይት በአብዛኛው «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል» በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ የሚቀድምና በግብይት ጥናት ተማሪዎች ዘንድ እንኳ በቂ ትኩረት ያላገኘ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ማስታወቂያው ተሳካ የሚባለው ምን ሲሆን ነው የሚለው ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው አስቀድሞ የመረጠው ግብ ማስታወቂያው ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚደርስና ነገሩ ሲበላሽ ማን እንደሚከስር ይወስናል። ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ በቅርቡ የታዩ ሁለት ጉዳዮችን ከዚህ አኳያ ይመረምራል። ከዚያም የተገኘውን መከራከሪያ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጎብዬ፣ ከውጭ አገር ገንዘብ በሚቀበል ቤተሰብ ምሳሌ ይፈትነዋል።

የማስታወቂያን ግብ በጥብቅ ለመበየን ከተደረጉት ሙከራዎች የታወቀው አሜሪካዊው ራስል ኮሊ እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረበው፣ በምሕጻረ ቃሉ ዳግማር እየተባለ የሚጠራው ሞዴል ነው። በኮሊ አስተሳሰብ የማስታወቂያ ግብ ማለት በተለየ ተደራሲ ዘንድ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ፣ በሚለካ መጠን ሊፈጸም የሚገባው የተግባቦት ሥራ ነው። ሽያጭ በራሱ የማስታወቂያ ግብ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ሽያጭ የዋጋ፣ የስርጭትና የምርት ጥራት ድምር ውጤት ነው። ኮሊ ተደራሲው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች አራት አድርጎ ይዘረዝራል፦ ማወቅ፣ መረዳት፣ ማመንና መተግበር። ሰዎች ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል አይጓዙም የሚል ትችት ከጥንትም ሲቀርብበት ቆይቷል፤ ትችቱም ልክ ነው። በክሪፕቶከረንሲ ገበያ ግን ትችቱ የተለየ ክብደት አለው። በዚህ ገበያ ብዙው ሰው መጀመሪያ ይነካል፣ ቀጥሎ ዋሌት ይከፍታል፣ መረዳት የሚጀምረው ገንዘቡን ካስገባ (አንዳንዴም ካጣ) በኋላ ነው። ሳሙና ሳይረዳ የገዛ ሰው የሚያጣው የሳሙናውን ዋጋ ነው። የዋሌቱን 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት ትርጉም ሳይረዳ ለሌላ የሰጠ ሰው ግን ያለውን ሁሉ ያጣል፤ አቤት የሚልበት የባንክ ቅርንጫፍም የለውም። ስለዚህ በሌላው ምርት የሚታለፈው «መረዳት» የተባለው ደረጃ እዚህ ሊታለፍ አይገባም።

ከኮሊ ዘመን ወዲህ አንድ ትልቅ ለውጥ መጥቷል። ያኔ ግብ ማለት ዘመቻው ካለቀ በኋላ ሪፖርት የሚነጻጸርበት መስፈርት ነበር። ዛሬ በፌስቡክም ሆነ በሌሎቹ መድረኮች ግብ ለመሣሪያው የሚሰጥ ትእዛዝ ሆኗል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ማስታወቂያ አስነጋሪውን ከስድስት ዓላማዎች አንዱን እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ እነርሱም ዕውቅና፣ ትራፊክ፣ ተሳትፎ፣ የደንበኛ መረጃ ማሰባሰብ፣ የመተግበሪያ ማስተዋወቅና ሽያጭ ናቸው። «ትራፊክ» ከተመረጠ ሥርዓቱ ማስታወቂያውን የሚያሳየው ሊንክ የመንካት ልማድ ላላቸው ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ምርቱ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ያነሣው ሐሳብ፣ ማለትም መለኪያ ዒላማ በሆነ ጊዜ መለኪያነቱን ያጣል የሚለው፣ እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል። ልዩነቱ ቀድሞ መለኪያውን የሚያዛባው ሰው የነበረ ሲሆን አሁን ግን ማሽኑ ራሱ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ የታዘዘውን በመፈጸም የሚያዛባው መሆኑ ነው።

የተቆጠረው ተጠቃሚ

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የስልኩን መስታወት በጣቱ ደጋግሞ የሚመታ ወጣት ማየት የተለመደ ነበር። በቴሌግራም ውስጥ የሚሠራው ኖትኮይን የተባለው ጨዋታ ከ35 ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾች ካፈራ በኋላ በግንቦት 2016 ቶከኑን አከፋፈለ። በመጋቢት 2016 የተጀመረው ሃምስተር ኮምባት ደግሞ በራሱ ቆጠራ እስከ 300 ሚሊዮን ተጫዋች አፍርቻለሁ አለ። የጨዋታውን አሠራር በማስታወቂያ ጥናት ዓይን ለተመለከተው ነገሩ ግልጽ ነው። ተጫዋቹ ነጥብ የሚያገኘው ምስሉን በመምታት፣ ጓደኛ በመጋበዝ፣ የፕሮጀክቱን የቴሌግራም ቻናል በመቀላቀልና የዩቲዩብ ቪዲዮ በማየት ነው። እያንዳንዱ ተግባር የአንድ ማስታወቂያ መለኪያ ስም አለው፤ ተሳትፎ፣ ሪፈራል፣ ተከታይ፣ ዕይታ።

ቶከኑ የተከፋፈለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። ለክፍፍሉ ብቁ ናቸው የተባሉት 131 ሚሊዮን ሲሆኑ ለተጫዋቾች የተመደበው 60 ቢሊዮን ቶከን ነበር። ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ሰው 458 ቶከን ገደማ ይደርሰዋል። ቶከኑ በገበያ ላይ የወጣው በአንድ የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ስለሆነ የወራት ድካም አማካይ ዋጋ ከ5 ዶላር በታች ነበር ማለት ነው። ዋጋውም ከዚያ ወዲህ ወረደ እንጂ አልወጣም።

ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ያወሩታል። በእኔ ግምገማ ግን ፕሮጀክቱ በራሱ ግብ አንጻር ሲታይ ያልተለመደ ስኬት ነው። ግቡ የሰውን ትኩረት በብዛት መሰብሰብ ነበር፤ ሰበሰበ። የተሰበሰበው ትኩረት ለማስታወቂያ ገዢዎች ይቀርባል፤ ቶከኑን ለመቀበል መለያ እንዲከፍት የተገደደው ተጫዋችም ለዓለም አቀፍ መገበያያ ድርጅቶች አዲስ ደንበኛ ሆነ። ተጫዋቹ ራሱን ተጠቃሚ አድርጎ ይቁጠር እንጂ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚሸጠው ዕቃ እርሱ ነበር። እዚህ ላይ የማስታወቂያ ግብ ጥያቄ ከቴክኒክነት አልፎ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። «ተጠቃሚ» ብለን የቆጠርነው ሰው በምን ተጠቀመ የሚለውን የማይጠይቅ ግብ ምን ያህል ትልቅ ቁጥር ቢያስመዘግብ ስለ ፕሮጀክቱ ዋጋ አንዳች አይነግረንም።

ሁለት ተደራሲ፣ አንድ መግለጫ

ሁለተኛው ጉዳይ ከመጀመሪያው በባሕርይው ይለያል። ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የሚያለማው ኢንፑት አውትፑት በ2010 ዓ.ም. ከያኔው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። በሚያዝያ 2013 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር በመሆን ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎችና ለ750,000 መምህራን፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች ዲጂታል መታወቂያና የውጤት መዝገብ ለመዘርጋት መስማማቱን አስታወቀ። ዜናው በክሪፕቶ ዓለም እጅግ ሰፊ ስርጭት አግኝቷል።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የመግለጫው ተደራሲ ማን ነበር የሚለው ነው። ተማሪው መታወቂያውን ለመጠቀም አዳ የተባለውን የካርዳኖ ቶከን መግዛት አይጠበቅበትም፤ ስሙን እንኳ ማወቅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የስምንተኛ ክፍል ውጤቱ ሳይጠፋ፣ ሳይፋቅ፣ ሌላ ከተማ ቢሄድም ተከትሎት እንዲገኝ ነው። በውጭ አገር ሆኖ አዳ የያዘው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ዜናው ብቻ ነው። የክሪፕቶ ፕሮጀክትን ከሌላው ምርት የሚለየው አንድ ባሕርይ እዚህ ይገለጣል፤ የቶከኑ ገዢና የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ማስታወቂያው ግን አንድ ነው። «5 ሚሊዮን» የሚለው ቁጥር ለመጀመሪያው ዕቅድ ነው፣ ለሁለተኛው ማስረጃ። ስለዚህም የግቡ መግለጫ የትኛውን ተደራሲ እንደሚመለከት በግልጽ ካላስቀመጠ የአንዱ ስኬት የሌላውን መዘግየት ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል፣ ዜናው በተነገረ በሦስት ወር ገደማ ጦርነቱ ቆቦና አካባቢው ደረሰ። መብራትና ስልክ በተቋረጠበት በራያ ቆላ ስለ ተማሪ ዲጂታል መታወቂያ ማሰብ ራሱ ቅንጦት ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሩ በሌላው ዓለም መደጋገሙን አላቆመም።

የሚገርመው፣ የዚሁ ድርጅት ሥራዎች ውስጥ ለኮሊ መስፈርት የሚቀርበው ብዙ ወሬ ያልተወራለት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያንና ለኡጋንዳውያን ሴት ባለሙያዎች ሀስከል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ያስተማረበት ኮርስ ተደራሲው የታወቀ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ ውጤቱም ስንቶቹ ጨረሱ ተብሎ የሚቆጠር ነበር።

የቢትኮይን ማዕድን ድርጅቶችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የነበራቸው ከ20 በላይ ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ የቻይና፣ ለሕዝብ የሚያስተዋውቁት ነገር የላቸውም፤ ተደራሲያቸው ኃይል ሻጩና ፈቃድ ሰጪው ነው።

ሕጉ የሚያስቀረው ግብ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶከረንሲ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ ቀርበው እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። ሁለቱ መልእክቶች ለተራው አንባቢ የሚጋጩ መስለው ነበር፤ አንዱ የክፍያን፣ ሌላው የቴክኖሎጂውን ጎን የሚመለከት መሆኑን ለመለየት የሕግ ዓይን ይጠይቃል። በዚህ ላይ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ፒራሚዳዊ የሽያጭ ዘዴን ይከለክላሉ። ሰው በሰው ላይ እየተጋበዘ የሚከፈልበት የሪፈራል ዘዴ ከዚህ ድንበር ምን ያህል እንደሚርቅ የፕሮጀክቱ ባለቤት በጠበቃ ሊያስመረምር ይገባል።

በውጭ አገርም አዝማሚያው ተመሳሳይ ነው። ፌስቡክና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 የክሪፕቶ ማስታወቂያን በአጠቃላይ ከልክለው ኋላ ላይ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ከፈቱ። በብሪታንያ ከጥቅምት 8 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጓደኛ ለጋበዘ ሰው ጉርሻ መስጠት ተከልክሏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰውም የ24 ሰዓት የማሰቢያ ጊዜ እንዲያገኝ ተደንግጓል። ድንጋጌውን ከኮሊ አንጻር ካየነው ሕጉ ያደረገው በ«ማወቅ» እና በ«መተግበር» መካከል «መረዳት» የሚገባበትን ቦታ በግድ መክፈት ነው።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ተደራሲ «በቶከናችን ይክፈሉ» የሚል ግብ ገና ከመነሻው ይወድቃል። ይህ ማለት ግን ፍላጎት የለም ማለት አይደለም። ቼይናሊሲስ የተባለው አጥኚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች በአነስተኛ መጠን የስቴብልኮይን ዝውውር ፈጣን ዕድገት ያሳየች መሆኗን፣ ዕድገቱም በዓመት 180 በመቶ መድረሱን አመልክቷል። ስቴብልኮይን ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ቶከን ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊትም ሆነ በኋላ ሰው የብሩን ዋጋ እያየ ወደዚህ ማዘንበሉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጎብዬ ላይ ሲፈተን

ከራያ ቆቦ ወጣቶች ብዙዎቹ በጅቡቲና በየመን አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። የሚልኩት ገንዘብ ለዘር፣ ለበሬ፣ ለቤት ክዳን፣ ለታናናሾች ትምህርት ይውላል። ለምሳሌ እንዲሆን አንድ ፕሮጀክት ይህን ገንዘብ ከሐዋላ በርካሽ ለማድረስ ተነሣ እንበል። በላኪው አገር ሕጋዊ ፈቃድ አለው፤ በመካከል ስቴብልኮይን ይጠቀማል፤ ጎብዬ ያለችው እናት ግን የምትቀበለው ብር ነው፣ በባንክ ወይም በቴሌብር በኩል። የዚህ ፕሮጀክት የማስታወቂያ ግብ ምን መሆን አለበት?

በልማድ የሚመረጠው «በሦስት ወር 1,000 አዲስ ዋሌት» የሚል ነው። ሁለት የማስታወቂያ መንገዶች እናነጻጽር፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ የታሰቡ ናቸው። በመጀመሪያው መንገድ 50,000 ብር በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ወጥቶ 5,000 ሰው ሊንኩን ነካ፣ 1,000 ዋሌት ተከፈተ፣ ከነዚህ በ60 ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ ልኮ ቤተሰቡ መቀበሉን ያረጋገጠ 10 ሰው ሆነ። በሁለተኛው መንገድ ያው 50,000 ብር ሪያድና ጅዳ ባሉ የአካባቢው ተወላጆች የድምፅ መልእክት ቡድኖችና ጎብዬ ላይ ሰው ፊት ለፊት በሚያስረዳ ሠራተኛ ላይ ወጣ፤ ሊንኩን የነካ 400፣ ዋሌት የከፈተ 150፣ ሁለተኛ ጊዜ የላከ 60። ግቡ ዋሌት ከሆነ የመጀመሪያው በ50 ብር፣ ሁለተኛው በ333 ብር አንድ ዋሌት ያመጣል፤ ሁለተኛው በዚያው ሳምንት ይዘጋል። ግቡ የተደጋገመና የደረሰ ገንዘብ ከሆነ ግን የመጀመሪያው 5,000 ብር፣ ሁለተኛው 833 ብር ያስከፍላል። ገንዘቡም ምርቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ግቡ ብቻ ሲሆን ውሳኔው ግን ተገለበጠ።

«ሁለተኛ ጊዜ» የሚለውን መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ዝውውር ጉርሻ ሊያስገኘው ይችላል። ሁለተኛውን የሚያመጣው ገንዘቡ በሙሉ መድረሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የጎብዬዋን እናት ይመለከታል። እርሷ የማስታወቂያው ገዢ አይደለችም፤ ስለዚህ በተለመደው የግብ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የላትም። ሆኖም አደጋው ቀድሞ የሚደርሰው በእርሷ ላይ ነው። የአንድ አገልግሎት ስም በሰፈሩ ሲታወቅ፣ ስሙን ተጠቅሞ ደውሎ «ከልጅሽ ገንዘብ መጥቷል፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» የሚል አጭበርባሪም አብሮ ይመጣል። ሰው ስሙን ካወቀ፣ አሠራሩን ግን ካልተረዳ፣ ለማስታወቂያው የወጣው ገንዘብ ለአስመሳዩ መንገድ ጠረገለት ማለት ነው። ስለዚህ በተቀባዩ በኩል የሚቀመጠው ግብ የመረዳት ግብ ሊሆን ይገባል፤ ለምሳሌ «በዘመቻው ማብቂያ ከተቀባዮቹ ከአሥሩ ዘጠኙ ማንም ሠራተኛ የይለፍ ቁጥር እንደማይጠይቅ በራሳቸው አንደበት መናገር ይችላሉ» የሚል።

ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። «የዕለት ንቁ ተጠቃሚ» የሚል ግብ የያዘ ፕሮጀክት በዚያ ወቅት ደንበኛው ጥሎት የሄደ ይመስለው ነበር፤ ደንበኛው ግን የትም አልሄደም። ከዚህ የሚከፋው «ገንዘብዎን በማንኛውም ሰዓት ያገኛሉ» የሚለው ተስፋ ነው፤ በአዲስ አበባ እውነት ሆኖ በጎብዬ ሐሰት ሊሆን ይችላል። የግቡ መግለጫ ኢንተርኔት ሲጠፋ በአጭር መልእክትና በስልክ ጥሪ የሚለካ አማራጭ ከሌለው ለዚህ አካባቢ አልተዘጋጀም።

የማሰራጫው ምርጫም ከዚሁ ይከተላል። በቴሌግራም የሚከፈልበት ማስታወቂያ 160 ፊደል ብቻ ይይዛል። በፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ስለሚይዝ ከላቲኑ ይልቅ ሰፋ ያለ ሐሳብ ያስገባል፤ ቢሆንም ሠላሳ ቃል ገደማ ነው። በሠላሳ ቃል ስም ማስተዋወቅ ይቻላል፣ የሚስጥር ቁጥርን ጉዳይ ማስረዳት ግን አይቻልም። ግቡ መረዳት ከሆነ ይህ ማሰራጫ ወደ ድምፅ ማብራሪያው የሚመራ በር ከመሆን አያልፍም፤ በበሩ ያለፈውን ሰው ቁጥር ብቻ ቆጥሮ ስኬት ማለትም አይቻልም።

መረዳትን መለካት ውድ ነው የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ለትልቅ ዘመቻ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ወረዳ ግን ሥራው ቀላል ነው። ገንዘብ ከደረሳቸው ተቀባዮች መካከል በዕጣ ለተመረጡ ሃምሳ ሰዎች ደውሎ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነው፦ ምን ያህል ተላከልዎት፣ ምን ያህል እጅዎ ገባ፣ ሰው ደውሎ ቁጥር ቢጠይቅዎ ምን ያደርጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ልዩነት የአገልግሎቱን እውነተኛ ዋጋ ያሳያል፤ ሦስተኛው የማስታወቂያውን። ከሃምሳው ከአምስት በላይ የሚሆኑት «ቁጥሩን እነግረዋለሁ» ካሉ የሚቀጥለው ወር የማስታወቂያ በጀት ይታገዳል፤ መልእክቱ ተስተካክሎ፣ ሌሎች ሃምሳ ተቀባዮች ተደውሎላቸው ውጤቱ እስኪሻሻል ድረስ አዲስ ላኪ መጋበዝ ይቆማል።